ሟቾች ከ10 ወደ 6 ወረዱ፤ መንገዱስ ተሻሻለ?

ጥያቄ፦ «ከተማችን 30 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት፤ ዋናው አስፋልት መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ በ2013 ዓ.ም. 4፣ በ2014 5፣ በ2015 10፣ በ2016 ደግሞ 6 ሰው በመኪና አደጋ መሞቱን ያሳያል። ከ2015ቱ ሟቾች አራቱ በአንድ ቀን የተገለበጠ ሃይሩፍ ውስጥ ነበሩ፤ የቀሩት በሙሉ አንድ አንድ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የአንድ ወር የግንዛቤ ማስጨበጫ ተሰጠ፣ አስፋልቱ ላይ ዜብራ ተቀባ፣ ነዋሪውም በሁለት ቦታ በድንጋይና በሲሚንቶ ብሬከር ሠራ። አሁን አደጋ በ40 በመቶ ቀንሷል ይባላል፤ በሚቀጥለው በጀት መስቀለኛው ላይ የትራፊክ መብራት ሊተከል ታስቧል። እኔ ችግሩ የሾፌሮች ሥነ ምግባር ነው ባይ ነኝ። እናንተ ምን ትመክራላችሁ?»

መልስ፦ 40 በመቶ የሚለው ስሌት ልክ ነው፤ ከእሱ የተወሰደው ድምዳሜ ግን አያስኬድም። በአማካይ በዓመት ስድስት ሰው የሚሞትባት ከተማ፣ መንገዷም ሾፌሯም እንዳለ ሆኖ፣ በአስር ዓመት አንዴ ገደማ 10 እና ከዚያ በላይ ሟች ያጋጥማታል። 3 እና ከዚያ በታች የሚሆንበት ዓመትም እንዲሁ ይመጣል። በጥቂት ቁጥር ላይ የአንድ ዓመት መውጣትና መውረድ ወሬ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ቀላል መፈተሻ አለ። የሁለቱን ዓመት ልዩነት ወስዳችሁ፣ ለሁለቱ ዓመት ድምር ስኩዌር ሩት አካፍሉት። ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ «ለውጥ መጣ» አትበሉ። የእናንተ ልዩነት 4 ነው፣ ድምሩ 16፣ ስኩዌር ሩቱ 4፤ ውጤቱ 1 ሆነ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

ይህም ቢሆን ለሪፖርቱ ያደላ ስሌት ነው፤ ምክንያቱም የቆጠርነው ሰው ነው። አንድ ሃይሩፍ ሲገለበጥ አራት ሰው መሞቱ በዚያን ቀን ስንት ሰው እንደተሳፈረ ይነግረናል፣ የከተማችሁ መንገድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አይነግረንም። የሚቆጠረው ሰው የሞተበት አደጋ ነው። እንደዚያ ሲቆጠር መዝገባችሁ 4፣ 5፣ 7፣ 6 ይሆናል። ከ7 ወደ 6 መውረድ ምንም ማለት አይደለም። አራቱን ዓመት አብሮ ላየ ሰው እንዲያውም ቁጥሩ ባለበት ነው ወይም ቀስ እያለ እየወጣ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ እርምጃ የሚወሰደው ሁልጊዜ ከክፉ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ብትቀመጡም የሚቀጥለው ዓመት ወደ ተለመደው ቁጥር መመለሱ አይቀርም ነበር። በየከተማው «ዘመቻችን ፍሬ አፈራ» የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መዝገቡን አስተካክሉ። ቢያንስ የሦስት ዓመት መረጃ፣ ሰው የሞተበትን ብቻ ሳይሆን ከባድና ቀላል ጉዳት የደረሰበትን አደጋ ሁሉ ጨምራችሁ ሰብስቡ። የንብረት ጉዳት ብቻ የሆነውን ለብቻ ያዙት፤ ሾፌሮች ተነጋግረው የሚለያዩበት ብዙ ስለሆነ ቁጥሩ አይታመንም። ከዚያ የጤና ጣቢያውን የድንገተኛ ክፍል መዝገብ አምጥታችሁ በቀንና በሰዓት ከፖሊሱ ጋር አስተያዩት። ፖሊስ ዘንድ ያልደረሱ ብዙ ጉዳቶች ታገኛላችሁ፤ በተለይ ከባጃጅና ከሞተር የወደቁ። በሪፈር ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልኮ በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሰውም በትራፊክ አደጋ እንደሞተ ይቆጠራል፤ እናንተ ጋ ግን «ከባድ ጉዳት» ተብሎ የቀረ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱ በአገር ደረጃም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በመኪና አደጋ ሞቱ ተብሎ የተመዘገበው 4,352 ሰው ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚያው ዓመት የገመተው ከ27 ሺህ በላይ ነበር።

የመዝገቡ ዋና ሕመም ግን ቦታ ነው። «ቀበሌ 02፣ ልዩ ቦታው መናኸሪያ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ» የሚል ጽሑፍ ለክስ ይበቃል፤ ብሬከር የት ይሠራ ለሚለው ጥያቄ አይበቃም። መናኸሪያ አካባቢ ማለት 400 ሜትር ሊሆን ይችላል። ቦታው ላይ የሚደርሰው ፖሊስ በስልኩ የካርታ ነጥብ ይውሰድ፤ ያለፉትን ደግሞ መርማሪውን ይዛችሁ በእግር ሂዱና በትልቅ ወረቀት ላይ በነጥብ አስቀምጡ። ለሞት ቀይ፣ ለከባድ ጉዳት ሰማያዊ፣ ከጎኑም እግረኛ ወይም ተሳፋሪ፣ ቀን ወይም ማታ፣ የገበያ ቀን ወይም ሌላ ቀን። ነጥቦቹ ተበታትነው አይቀመጡም። አስፋልት በሚሰነጥቃቸው ከተሞች ሁለት ሦስት ቦታ ይታጨቃሉ፦ የገበያው መውጫ፣ የመናኸሪያው በር፣ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን መግቢያ፣ አንዳንዴም ሾፌሩ ከገጠር ፍጥነቱ ገና ያልተላቀቀበት የከተማው ጫፍ።

አሁን ወደ ሾፌሮቹ ሥነ ምግባር እንምጣ። የፖሊስ ቅጽ ላይ «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት» ወይም «ከተፈቀደ ፍጥነት በላይ ማሽከርከር» ተብሎ የሚሞላው ቦታ ማን ይከሰስ ለሚለው መልስ ነው። ሰውየው ለምን ሞተ ለሚለው መልሱ ሌላ ነው። ሾፌሩ 100 ኪሎ ሜትር ሙሉ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ በ80 ሲነዳ ቆይቶ ከተማችሁ ሲገባ መንገዱ ስፋቱም መልኩም ካልተለወጠ፣ እግሩን ከነዳጅ ላይ የሚያነሳበት ምክንያት አያገኝም። ምክር ለአንድ ሳምንት ያስታውሰው ይሆናል። ደግሞም የሚያልፈው ሾፌር አብዛኛው የእናንተ ነዋሪ አይደለም፤ ግንዛቤ የተሰጠው ከተማው ውስጥ ላሉት ባጃጆች ነው፣ ሲኖትራኩ ከሌላ ክልል ነው የመጣው።

ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ በሜትር ማየት ይሻላል። አንድ ሾፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ነው። በ30 ኪ.ሜ. በሰዓት የሚነዳ 13 ሜትር ላይ ቆሟል። በ50 የሚነዳው 28 ሜትር፣ በ70 የሚነዳው 46 ሜትር፣ በ80 የሚነዳው 57 ሜትር ያስፈልገዋል። አንድ ልጅ 14 ሜትር ፊት ለፊት ድንገት ቢገባ የ30ው ሾፌር እግሩ ሥር ደርሶ ይቆማል፤ የ50ው ሾፌር ፍሬን ሳይነካ በሙሉ ፍጥነቱ ይደርስበታል። ለተጫነ የጭነት መኪናና ለዝናብ ቀን እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይረዝማሉ። ማታ ደግሞ ዝቅተኛው መብራት ጥቁር የለበሰን ሰው ከ40 ሜትር ብዙም አርቆ አያሳይም፤ ስለዚህ በ70 የሚነዳ ሰው ያላየውን እየገጨ ነው የሚሄደው። (ነጭ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ጥቁር ጃኬት ከለበሰ ተማሪ ይልቅ ከሩቅ ይታያል፤ ይህን ለተማሪዎች መንገር ከብዙ ፖስተር ይጠቅማል።) በብዙ አገር ጥናት የተረጋገጠው ልክ ይህ ነው፦ አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

የእናንተን መንገድ ፍጥነት ለማወቅ ራዳር አያስፈልግም። ነጥቦቹ የታጨቁበት ቦታ ላይ በቀለም ሁለት መስመር በትክክል 50 ሜትር አራርቃችሁ ሥሩ። በስልክ ሰዓት መኪናው ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው የፈጀበትን ሰከንድ ያዙ፤ 180ን ለሰከንዱ ስታካፍሉ ፍጥነቱን በሰዓት ታገኛላችሁ። 6 ሰከንድ ከፈጀ 30፣ 3.6 ከሆነ 50፣ 3 ከሆነ 60፣ 2.25 ከሆነ 80 ነው። ከፊቱ ሌላ መኪና የማያግደውን ብቻ ለኩ፤ በየአቅጣጫው 100 መኪና ይበቃል። ከፈጣኑ ወደ ቀርፋፋው ደርድሩና 15ኛውን ተመልከቱ፤ ባለሙያው የሚሠራው በዚያ ፍጥነት ነው፣ ምክንያቱም ከመቶ 85ቱ ከዚያ በታች ይነዳሉ። ሁለት ጥንቃቄ አለ። የእጅ መዘግየት 0.2 ሰከንድ ብቻ ቢሆን በ80 ላይ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል፤ ስለዚህ ፈጣን በሆነው የከተማው ጫፍ መስመሩን 100 ሜትር አድርጉትና 360ን አካፍሉ፣ ወይም በቪዲዮ ቀርጻችሁ ኋላ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው አጠገባችሁ አይቁም፤ ያኔ የምትለኩት የፖሊስን ፍርሃት ይሆናል።

ወደ መብራቱ። አትትከሉት። የትራፊክ መብራት ሥራው ብዙ መኪና በሚጋጭበት መስቀለኛ ላይ ተራ ማስያዝ ነው። አሜሪካኖች ከሚጠቀሙባቸው መመዘኛዎች አንዱ፣ አንድ አንድ መስመር ባለው መንገድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓታት በእያንዳንዱ ዋናው መንገድ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ 500፣ መጋቢው ላይ 150 ተሽከርካሪ እንዲኖር ይጠይቃል፤ የከተማችሁ መስቀለኛ ከገበያ ቀን በቀር ይህን ያሟላል ብዬ አልገምትም። ባዶ መንገድ ላይ ቀይ የሚያይ ሾፌር በሁለተኛው ወር መጣስ ይለምዳል፤ አረንጓዴ ያየው ደግሞ ፍጥነት ይጨምራል። መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። ከሁሉም በላይ፣ እግረኞቻችሁ የሚሞቱት መስቀለኛው ላይ ካልሆነ መብራቱ ከእነሱ ጋር አይገናኝም። ካርታችሁን አይታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

ዜብራውም ብቻውን አይበቃም። ሁለት መስመር ባለው መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሳይጨመር የተቀባ ዜብራ ካልተቀባ ቦታ ያለው ልዩነት ኢምንት ነው፤ ሰፊና መኪና የሚበዛበት መንገድ ላይ ደግሞ አደጋው ብሶ የታየበት ጥናት አለ። እግረኛው ቀለሙን አምኖ ይገባል፣ ሾፌሩ ቀለሙን አያይም። ዜብራ የሚሠራው ከፍ ሲል ነው፦ ከአስፋልቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ረጅም መኪና ለሚያልፍበት ዋና መንገድ የጠፍጣፋው ርዝመት በመንገዱ አቅጣጫ 6 ሜትር፣ በሁለቱም በኩል ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚወጣና የሚወርድ መዳረሻ ያለው።

ነዋሪው የሠራቸውን ብሬከሮች ነገ ዛሬ ሳትሉ አንሡ። ክፋታቸው መኪና መስበራቸው ብቻ አይደለም። ጠባብ ጉብታ በዝግታ ለሚያልፈው ይንጠዋል፣ በፍጥነት ለሚያልፈው ግን ሞላው ይውጠዋል፤ ለሾፌሩ የሚነግረው «ፍጠን» ነው። ባጃጅ ይገለብጣል፣ አምቡላንስ ውስጥ ያለውን ስብራት ያንገላታል፣ ማታ አይታይም። አንዳንዱ ሾፌርም በመንገዱ ዳር ዞሮ ያልፈዋል፤ ዳሩ ላይ ያለው ደግሞ እግረኛ ነው።

በየቦታው የተፈተነው ክብ ብሬከር በመንገዱ አቅጣጫ 3.7 ሜትር ርዝመት፣ መሀሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ሥራው የሚበላሸው ቅርጹ ላይ ስለሆነ ከጣውላ መለኪያ አሠሩ፦ ከጫፉ 30 ሳ.ሜ. ገባ ሲል 3 ሳ.ሜ.፣ 60 ላይ 5.4፣ 90 ላይ 7.4፣ 1.20 ሜትር ላይ 8.8፣ 1.50 ላይ 9.6፣ 1.85 ላይ 10፤ ከዚያ በተመሳሳይ ይወርዳል። መለኪያው ጣውላ ከአስፋልቱ ጋር ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካሳየ ሥራው አይረከብ። ጫፉ የሚያርፍበትን አሮጌ አስፋልት 3 ሳ.ሜ. ያህል ጠርቦ፣ ጠርጎ፣ ሬንጅ ቀብቶ ትኩስ አስፋልት ማንጠፍ ነው፤ አስፋልት ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ሲሚንቶ የጭነት መኪና ጎማ በጥቂት ወር ይገነጥለዋል። ለዝናብ ውሃ ዳርና ዳር 20 ሳ.ሜ. ይተው፣ ነገር ግን ሞተርና ባጃጅ በዚያ እንዳይሾልኩ ከመንገዱ ውጭ አጭር ምሰሶ ትከሉ። ቀለሙ ላይ የሚያንጸባርቅ የመስታወት ፍርፍር ይረጭ፤ ተራ ቀለም ማታ ከአስፋልቱ አይለይም። ሁለት ብሬከር ከ80 እስከ 120 ሜትር ቢራራቅ በመሀል ፍጥነት አይነሳም፤ ከዚያ ከሰፋ ሾፌሩ ያጣውን ጊዜ ለማካካስ ይጋልባል።

የመጀመሪያው ብሬከር ግን በፍጹም ብቻውን የሾፌሩ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መሆን የለበትም። ከእሱ በፊት፣ ቤቶች ከሚጀምሩበት ቀደም ብሎ፣ የከተማ መግቢያ ይሠራ፦ በግራም በቀኝም የፍጥነት ምልክት፣ መስመሩን ወደ 3.25 ሜትር የሚያጠብ የዳር ቀለም፣ አስፋልቱ ላይም እየተቀራረበ የሚሄድ፣ ከፍታው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ ያልዘለለ፣ ጎማ የሚያንቀጠቅጥ ቀለም። ድምፁ እንቅልፍ ስለሚነሳ ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር ይራቅ። ጋናዊቷ ሱሁም ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 መንገድ መገናኛዋ ላይ ይህ የሚያንቀጠቅጥ መስመር ተሠርቶ አደጋው በ35 በመቶ፣ ሟቾቹ በ55 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል።

ይህ የማይሠራበት ቦታም አለ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው ያለ ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ በጠመዝማዛ ላይ፣ በድልድይ ላይ ብሬከር አይቀመጥም። ፍሬኑ የጋለ የጭነት መኪና ብሬከር ሲያገኝ ይብሱን ከእጅ ያመልጣል። ከተማችሁ ቁልቁለት ግርጌ ከሆነች መፍትሔው ከላይ ነው፤ ከመውረዱ በፊት ፍሬን የሚታይበት ማቆሚያ፣ በከባድ ማርሽ መውረድን የሚያዝ ምልክት፣ ታች ደግሞ በጠጠር የተሞላ ማምለጫ መንገድ።

ከአስፋልቱ ዳር ያለውን ነገር ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል። የገበያው ሸቀጥ የእግረኛውን መሄጃ ከያዘ እግረኛው አስፋልት ላይ መውጣቱ አይቀርም። የውሃ መውረጃውን ቦይ በኮንክሪት ክዳን መክደን ብቻ ብዙ ቦታ አንድ ሜትር መሄጃ ይሰጣል። የሚኒባስ ማቆሚያው ከዜብራው በፊት ሳይሆን ካለፈ በኋላ፣ 15 ሜትር ያህል ርቆ ይሁን፤ አለዚያ የወረደው ተሳፋሪ በሃይሩፉ አፍንጫ በኩል ብቅ ሲል ሾፌሩ አያየውም። ከዜብራው በፊት ባለው 15 ሜትር ውስጥ ለምሳና ለአዳር የሚቆሙ የጭነት መኪኖችም ይከልከሉ። የተበላሸ መኪና ሲነሳ ለምልክት የተደረደረው ድንጋይ አብሮ ይነሳ፤ ማታ በዚያ ድንጋይ ሕይወቱን የሚያጣ ሞተረኛ አለ። የሄልሜትና የቀበቶ ቁጥጥር እንደ ትርፍ ሥራ አይታይ፤ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ40 በመቶ ገደማ፣ የፊት ወንበር ቀበቶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ያ የተገለበጠ ሃይሩፍ ውስጥ ማን ታስሮ እንደነበር መዝገቡ ላይ መኖር አለበት።

ዋናው አስፋልት ግን የከተማው አይደለም፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ያለ እሱ ስምምነት የሚሠራ ብሬከር ነገ ተፈልፍሎ ይነሳል፣ ሰው ከተጎዳበትም ያስጠይቃል። ደብዳቤያችሁ «አደጋ ስለበዛ» ብሎ እንዳይጀምር፤ የነጥቡን ካርታ፣ የፍጥነቱን ልኬትና የታሰበውን ቦታ ስዕል አያይዛችሁ ላኩ። ሾፌሮች «መንገዱ ይዘጋል» ብለው ከተቃወሙ ሒሳቡን አሳዩአቸው፦ ሁለት ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ በ70 ፈንታ በ40 ሲያልፉ የሚያጡት 77 ሰከንድ ነው። ከከተማ ውጭ የሚዞር ማለፊያ መንገድ ጠይቁ የሚልም አይጠፋም፤ መጠየቁ አይከፋም፣ ነገር ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ንግዱም ቤቱም ተከትሎት ይሄዳል።

አደጋ ሲደርስ 907 ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ፤ የተጎዳውን በእጅና በእግሩ ይዞ ፒክአፕ ላይ መወርወር አከርካሪው የተጎዳን ሰው ሽባ ያደርጋል። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ጤና ተቋም ለመኪና አደጋ ተጎጂ ቅድሚያ ገንዘብ ሳይጠይቅ የድንገተኛ ሕክምና መስጠት አለበት። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳም ካሣ ከመድን ፈንዱ ይጠየቃል፤ ለዚህም ነው የፖሊስ ምዝገባው በዕለቱ መደረግ ያለበት።

ስለዚህ የመብራቱ በጀት በሁለቱም ጫፍ ለከተማ መግቢያ፣ ነጥቦቹ ለታጨቁባቸው ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ከፍ ላለ ዜብራና ለብሬከር፣ ለዜብራዎቹ የማታ መብራት ይዋል። የዜብራው መብራት ከሾፌሩ ወገን፣ ከመሻገሪያው ቀደም ብሎ ይተከል፤ በትክክል አናቱ ላይ ከሆነ እግረኛው ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው። ውጤቱን በሟች ቁጥር ለመመዘን ዓመት አትጠብቁ፤ ሟች በቁጥር ትንሽ ስለሆነ መጥፎ መለኪያ መሆኑን አይተናል። ሥራው ባለቀ በሦስተኛው ወር በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው 50 ሜትር መስመር ላይ 100 መኪና እንደገና ለኩ። 15ኛው ፈጣን መኪና ከ40 በላይ ከሆነ ሾፌሩን ከመውቀሳችሁ በፊት የጣውላውን መለኪያ ብሬከሩ ላይ አስቀምጡት።